የውሃ ላይ ዓመታችን የመጨረሻ ቀን

እስቲ ስሙኝ፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ መሃል ላይ እንዳታቋርጡኝ ብቻ። እኔ የምድር ሰው ነኝ። የተወለድኩት ምድር ላይ፣ ያደግሁት ምድር ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋሁትም ወለሉ በማይወዛወዝ ቤት ውስጥ ነው። ውሃ የምወደው በብርጭቆ ሲሆን ነው። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ጀልባ ላይ ምን ትሠራለች ብትሉኝ፣ መልሱ አንድ ሰው ነው፤ ባሌ።

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አገር ምድሩ የሚያውቀው ክላክስ በሚል ቅጽል ስም ነው፤ እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ። ዓይኑ ደክሞ ሐኪም መሪ እንዳይዝ የከለከለው ጊዜ፣ ከመኪናው ላይ ክላክሱን ብቻ ነቅሎ በብብቱ ይዞ ቤት የገባ ሰው ነው። ከዚያ ስድስት ወር ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ከረመ። አንጀቴን በላኝ። አንድ ቀን ግን ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣና፣ ድሮ እህል ታመላልስ የነበረች አሮጌ ጀልባ አገኘሁ፣ ሁለት ክፍል አላት፣ ጣሪያዋ አያፈስም፣ ሞተሯን ራሴ እጠግናለሁ፣ እዚያው ላይ እንኑር አለኝ። ፊቱ እንዲያ ሲበራ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ፣ እሺ የሚል ቃል አመለጠኝ።

እሺ ያልኩት ግን በውል ነው። ለአንድ ዓመት ብቻ። ከተማ ያለውን ቤታችንን ለአንዲት ፋርማሲስት አከራየንና ሐይቁ ላይ ገባን። ዓመቱ ሲሞላ እኔ እንመለስ ካልኩ እንመለሳለን፣ እንቀመጥ ካልኩ እንቀመጣለን። ወሳኟ እኔ ብቻ ነኝ። እሱ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ አይለማመጥም፣ አይለምንም። እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝና፣ ሹፌር የጨበጠውን አያጥፍም አለኝ።

እንግዲህ ዓመቱ የሚሞላው የዚያን ቀን ነበር። ፋርማሲስቷ እንመለሳለን ካልን የምትገባበት ሌላ ቤት አግኝታለች፤ ባለቤቱ ግን ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ አልጠብቅም ስላላት፣ እትዬ፣ እባክዎ እስከዚያ ድረስ ቁርጡን ይንገሩኝ ብላኝ ነበር። ስለዚህ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ስልክ ደውዬ አንዱን ማለት አለብኝ።

ውሳኔዬንማ ከሳምንት በፊት ጨርሻለሁ። እንመለሳለን፣ አለቀ። ዓመት ሙሉ ፀጉሬ ደርቆ አያውቅም። አዝራሬን ጦጣ ይዞብኝ ይሄዳል፣ መርፌ የሰካሁበትን ትራስ ቁራ ይዞብኝ ይሄዳል፣ የለካሁለት ደንበኛ ሱሪ ውስጥ እንቁራሪት ተኝቶ አገኛለሁ። ሰው እንዴት እንዲህ ይኖራል?

ማለዳ ክላክስ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ጀልባችን በሁለት ገመድ ከዳር ዛፎች ጋር ታስራለች፤ ከግራ ጎኗ ወደ ዳር የምታሻግር አንዲት ሳንቃ አለች። እሱ ሳንቃውን እንደተሻገረ እኔ ጓዜን መሸከፍ ጀመርኩ። የልብስ ስፌት መኪናዬ የብረት እግር ያላት፣ ሁለት ወንድ ተጋግዞ የሚያነሳት ናት፤ ጎማ ስላላት ግን ከቀኝ ግድግዳ ሥር እየገፋሁ አምጥቼ ግራ በኩል በሩ ሥር አቆምኳት። ከዚያ ሁለቱን የጨርቅ ሳጥን ጎተትኩ። ከዚያ ስድስት ጣቃ ጨርቅ፣ ሁለት ካውያ፣ የመቀሱንና የክሩን ሳጥን። መኪና ሲመጣ በሳንቃው ሻገር ማድረግ ብቻ እንዲቀር ብዬ ነው። ስጨርስ ወገቤን ይዤ ቆምኩና፣ ጎበዝ አልኩ ለራሴ።

ክላክስ ሲመለስ ሁሉንም በሩ ጥግ ተቆልሎ አገኘው። ዕቃውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ እኔን አየ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ምንም አላለም፤ ውሉ ነው፣ እንዲልም አልጠበቅሁም። ግን ምን ልበላችሁ፣ ያን ያህል ዝም ማለቱ አናደደኝ።

ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ውሃ የሞላባቸውን ጀሪካኖች አንድ በአንድ እያነሳ ቀኝ ጎን ደረደራቸው። ከዚያ አንድ ባዶ ሣጥን ገለበጠና ቀኙ ጠርዝ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጭ አለ። መንጠቆውን ውሃ ውስጥ ጣለ። ያ ለአምስት ደቂቃ እንኳ አንድ ቦታ የማይረጋ ሰው፣ ሞተር ሲፈታ፣ ገመድ ሲያጠብቅ፣ ሲያፏጭ የሚውል ሰው፣ እንደ ተተከለ ችካል ተቀመጠ። አኮረፈ አልኩ። በቃል አልናገርም ብሎ በጀርባው ሊናገረኝ ነው፤ እንግዲያው ያኩርፍ፣ ይችላል።

ጎረቤታችን አሳ አጥማጁ በትንሿ ጀልባው መጥቶ አራት አሳ ሰጠን። እንደ ወትሮው ወሬ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከሩቅ ሲቀዝፍ ግን ጀልባችንን አይቶ አንገቱን ዘንበል አደረገ። «ጋሽ ክላክስ፣ ጀልባው ዛሬ...» ብሎ ሲጀምር፣ ባሌ ሳል በሳል ሆነና ስለ መረቡ ጠየቀው። ሰውዬው እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ እሺ ብሎ ሄደ። ወንዶች የሚተባበሩት ለዚህ ለዚህ ነው ብዬ አሳዬን ይዤ ገባሁ።

ከኩሽናው በስተኋላ ዕቃ የማጥብባት አንዲት ትንሽ ደጅ አለችን፤ አጥር የላትም፣ ወለሉ አልቆ ሐይቁ ይጀምራል። አሳዎቹን ሳፋ ውስጥ አድርጌ ደጇ ላይ አስቀመጥኩ። ሌላ ጊዜ ውሃ ልቀዳ ባልዲውን በገመድ ነበር የማወርደው፤ ያን ቀን እጄን ብሰድ ውሃው ጣቴን ነካኝ። ሐይቁ ሞልቷል አልኩት። ሊሆን ይችላል አለኝ፣ ሳይዞር። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ቲማቲም ተንከባሎ ወደቀ። ያንን የጠረጴዛ እግር አስተካክል ብዬህ አልነበር አልኩት። ብለሽኝ ነበር አለኝ፣ አሁንም ሳይዞር።

ቢላ ላመጣ ገባ ብዬ ስወጣ፣ ሳፋው ውስጥ አንድ ፍጡር ቁጭ ብሎ አሳዬን ይበላል። ድመት እንዳልል ጅራቱ ወፍራም፣ ውሻ እንዳልል እግሩ አጭር፣ ጢሙ ውሃ የሚያንጠባጥብ። አቆስጣ ነው፤ አሳ እያደነ የሚኖር የውሃ አውሬ። ከሩቅ ሲዋኝ ዓመት ሙሉ ሳየው የኖርኩት አቆስጣ፣ ከግራው ጥግ እንደ ቤቱ ወጥቶ መጥቶ ቁርሱን ያጣጥማል። አየኝ። አየሁት። መብላቱን አላቆመም።

መጥረጊያ አነሳሁ። መጥረጊያውን ሲያይ ሸሸ እንዳትሉ፤ በእግሬ መሃል ሹልክ ብሎ ወደ ቤት ገባ። እኔ ወደ ግራ፣ እሱ ወደ ቀኝ፤ እኔ ወደ ቀኝ፣ እሱ አልጋ ሥር። ከአልጋ ሥር ሲወጣ ጣቃዎቹ ላይ ወጣ፤ ከጣቃዎቹ ላይ የክር ሳጥኔ ውስጥ ዘሎ ገባ። ክላክስ፣ ና ድረስልኝ ብዬ ጮኽኩ። ያ ሰውዬ ካለበት ንቅንቅ ሳይል፣ በሩን ክፈችለት፣ መውጫ ካየ ይወጣል ብሎ መመሪያ ይሰጠኛል። ደሜ ፈላ። በሩን ስከፍት አውሬው ከሳጥኑ ዘሎ በአጠገቤ ሽው አለ፤ የልብስ መለኪያ ሜትሬ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞበታል። ውሃ ውስጥ ተወርውሮ ገባና ትንሽ ራቅ ብሎ ብቅ አለ፤ ቢጫው ሜትር ከኋላው እየተከተለው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ልክ ለልኬት የተጠራ ልብስ ሰፊ ይመስል ይዋኛል።

ሳቄ መጣ። በእጄ አፌን ያዝኩ። ክላክስ ስስቅ እንዳያየኝ ብዬ ግድግዳ ተጠግቼ ሆዴን ይዤ ተንፈቀፈቅሁ። ቁጣዬንም ሳቄንም አንድ ላይ መያዝ አቃተኝ። ጨዋነቴን ሰብስቤ ስወጣ፣ ስድስት ወር አብሮኝ የሠራ ሜትር ነው የሄደው፣ አንተ ግን ከመቀመጫህ አልተነሳህም አልኩት። እውነትሽን ነው አለኝ። ይቅርታ እንኳ አላለም። በዚያች ደቂቃ ስልኩ እጄ ላይ ቢሆን ኖሮ እዚያው ደውዬ ቁርጡን እነግራት ነበር።

ስድስት ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ከረረ። ከፊት ለፊት ጥላ የሚሆነን ሸራ አለ፤ በአራት እንጨት ተወጥሮ የቆመ። ያንን ሸራ ራሴ ስለሰፋሁት አውርጄ ልወስደው ፈለግሁ። ሥሩ ገብቼ የመጀመሪያውን ገመድ ስፈታ፣ አናቴ ላይ የሆነ ነገር ድብ አለ። ሸራው ወደ ታች ረገበ። ቀና ስል ሁለት ትልልቅ የወፍ እግሮች በጨርቁ ላይ ቅርጻቸው ወጥቷል። ፔሊካን ናት፤ ያቺ ምንቃሯ ሥር ከረጢት ያላት ትልቋ ወፍ። ሐይቁን ሁሉ ትታ የእኔን ሸራ መረጠች።

ሂጂ ብዬ ከሥር በቡጢ ነካ አደረግኋት። እሷ ደግሞ ልትነሳ ክንፏን ስትዘረጋ፣ ሸራው ያጋደለ ስለነበር ሚዛኗን ሳተችና ወደ ግራ ተንሸራተተች፤ ሁለተኛው እንጨት ተነቀለ፣ ሦስተኛው ተከተለው፣ እኔ፣ ሸራውና ፔሊካኗ አንድ ላይ ተጠቅልለን ወለሉ ላይ ወደቅን። ውስጥ ጨለማ ነው። ላባ አፌ ውስጥ፣ ክንፍ ጆሮዬ ላይ። የሆነ ለስላሳና እርጥብ ከረጢት ግንባሬን ዳሰሰኝ፤ የአሳ ሽታው ራሴን ሊያስተኝ ነበር። ማን የማንን እግር እንደያዘ አላውቅም። በመጨረሻ በአንዱ ጫፍ እሷ፣ በሌላው ጫፍ እኔ ብቅ አልን። ፀጉሬ እንደ እሷ ላባ ቆሟል። ተያየን፣ ከዚያ እሷ በቁጣ አንድ ጊዜ ምንቃሯን አፋጭታ፣ ሮጥ ሮጥ ብላ ተነሳች። እንዴት ያለች ወፍ ናት! ያ ሁሉ ክብደት ከውሃው ከፍ ብሎ ሲሄድ፣ ክንፏ የፀሐዩን ብርሃን ሲሸፍነው፣ ፈዝዤ ቀረሁ። እስክትርቅ ድረስ ቆሜ አየኋት። ሠላሳ ዓመት አንድ መስኮት ሥር ተቀምጬ ስሰፋ፣ በዚያ መስኮት በኩል አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አያውቅም።

ዞር ስል ክላክስ አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ በሳቅ እንባው ይወርዳል። ከመቀመጫው ግን አልተነሳም። ምሳውንም እዚያው አምጪልኝ አለ። ጀልባዋ ላይ አንድ ላይ ገበታ ቀርበን ልንበላ የቀረን ምናልባት የመጨረሻው ምሳ ነው፤ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ብቻውን በላ። ለዚህ ሰው ነው እንዴ ዓመት ሙሉ የረጠብኩት አልኩ። እንባዬ መጣ፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

አስር ሰዓት ሲሆን ስልኩን ከኪሴ አወጣሁ። ምን እንደምላት በሆዴ እያሰናዳሁ ነው፤ ልጄ፣ ቤቱን ልቀቂልን፣ እኛ እንመጣለን። የመጀመሪያዋን ቁጥር ስነካ ከግራ በኩል፣ ከሸምበቆው ውስጥ፣ ውሃው ቡልቅ አለ። ሁለት ጆሮ ታየኝ። ከዚያ አፍንጫ። ከዚያ ደግሞ አንድ ትልቅ ገበታ የሚያህል ጀርባ። ጉማሬ። አጠገቧ ደግሞ አሳማ የምታክል ግልገል።

ጉማሬ ከሩቅ አይተን እናውቃለን፤ እነሱ በሸምበቆው በኩል፣ እኛ በእኛ በኩል፣ ተከባብረን ነው የምንኖረው። ያን ቀን ግን ግልገሏ ምን እንደታያት አላውቅም፣ በቀጥታ ወደ እኛ መጣች። እናትየው ተከተለች። በዳሩና በጀልባችን መሃል ባለችው ጠባብ ውሃ ገቡ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፤ ትንፋሼንም አብሬ ዋጥኩ።

እናትየው ሳንቃው ሥር ስትደርስ ቀና አለች። ሳንቃው እንደ ስንጥር ተወርውሮ ውሃ ውስጥ ገባ። ይኼ እሷንም አስደነገጣት መሰለኝ ወደ ፊት ገፋች፤ የፊተኛው ገመድ አንገቷ ሥር ገባ። ገፋ ስታደርግ ገመዱ ተወጠረ፤ ገመዱ ሲወጠር ጀልባችን በግራ ጎኗ ሸርተት ብላ ወረደች። ድስቱ፣ ሳህኑ፣ የተረፈው አሳ፣ ሁሉም ወደ ግራ ተግተለተለ። በኋለኛው ደጅ ውሃ ገባ። ቀስ ብሎ ነው የገባው፣ እንደ እንግዳ፤ መጀመሪያ ጫማዬን፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ።

«ክላክስ፣ ና እንጂ! ልንሰምጥ ነው» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም።

ቀኝ ጎን ላይ ነው። የጣሪያውን ምሰሶ በሁለት እጁ ይዞ፣ ገላውን በሙሉ ከጀልባው ውጭ ወደ ውሃው አስወጥቶ ተንጠልጥሏል። ፊቱ ቀልቷል፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል።

«አልችልም» አለኝ። «እኔ ከዚህ ከተነሳሁ ትገለበጣለች። ዕቃሽ በሙሉ ያለው ግራ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሚዛኗን ይዤ ያለሁት እኔ ነኝ።»

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የዋልኩበት ቀን በሙሉ ፊቴ ተደረደረ። ሐይቁ አልሞላም፤ እኛ ነን የወረድነው። የጠረጴዛው እግር ምንም አልሆነም። አቆስጣው በግራው ጥግ የወጣው፣ ሸራው ያጋደለው፣ ቲማቲሙ የተንከባለለው፣ ሁሉም የእኔ ጓዝ ነው። ያ ያኮረፈ ጀርባ ደግሞ አላኮረፈም፤ ዘጠና ኪሎ ሰውነቱን ከነጀሪካኑ በልብስ ስፌት መኪናዬ ትይዩ አስቀምጦ ነው የዋለው። ሠላሳ ዓመት ጭነት የጫነ ሰው፣ ጭነት ሲያጋድል በእግሩ መዳፍ ያውቃል። እኔ ነኝ ያላወቅሁት።

«አሁን ምን ላድርግ?» አልኩት።

«መኪናዋን ወደ ቦታዋ። ቀስ ብለሽ፣ ጎማዋን ቀጥ አድርገሽ።»

ጠዋት ሜዳ ላይ እንደ ልጅ ጋሪ የገፋኋት መኪና አሁን ወለሉ ዳገት ሆነባት። ትከሻዬን አስጠግቼ ገፋሁ። አንድ ጊዜ ተንሸራታ ወደ እኔ ተመለሰች፤ በጉልበቴ አስቆምኳት፣ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ። በውሃው ውስጥ እግሬ ያዳልጠኛል። በውጭ ጉማሬዋ ትንፋሿን ፉፍ ባደረገች ቁጥር መስኮቱ ይረጥባል፤ ከእኔና ከእሷ መሃል ያለው አንድ ጣውላ ብቻ ነው። ስድብ የሚባል ሁሉ አልቀረኝም፤ መኪናዋን፣ ጉማሬዋን፣ ጀልባዋን፣ ራሴን፣ ሁላችንንም አዳረስኩ። በመጨረሻ ብረቱ ቀኙን ግድግዳ ሲነካ ድው አለ። እዚያው በገመድ አሰርኳት። ቀጥዬ አንዱን ሳጥን ጎተትኩ፣ ቀጥዬ ሁለተኛውን። ጣቃዎቹን ወረወርኳቸው። ወለሉ ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ ሲነሳ ተሰማኝ። የሚገባው ውሃ ቆመ።

«ልልቀቅ?» አለኝ ክላክስ።

«ልቀቅ» አልኩት።

ገላውን ስቦ አስገባና ሮጠ። ያን ከመኪናው የነቀለውን ክላክስ ጀልባው ፊት ላይ ባትሪ ገጥሞለት ዓመት ሙሉ እንዳይነካው ከልክዬው ነበር፤ የአሳ አጥማጁን ሕፃን አስደንብሮ ካስለቀሰው ወዲህ። ያን ጊዜ ግን ንፋው አልኩት። ነፋው። ወገኖቼ፣ ያ ድምፅ ዳገት ላይ የሚወጣ ባለ ተሳቢ መኪና ድምፅ ነው። ዛፎቹ ላይ የነበረ ወፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ጉማሬዋ ወደ ኋላ ዘለለች፣ እንደዚያ ያለ ሰውነት ይዘላል ብል ማን ያምነኛል፣ ገመዱ ከአንገቷ ሥር ወጣ። ግልገሏን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ሁለቱም ጠለቁ። ውሃው ላይ የአረፋ መንገድ እየሠሩ ከጀልባው ሥር አልፈው ወደ ሸምበቆው ሄዱ።

ጸጥ አለ። ከዚያ ከሸምበቆው ውስጥ፣ በዚያ በወፍራም ድምፅ፣ አንድ ጉማሬ መለሰ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ከማዶ ሁለት ሦስት። ሐይቁ ላይ ያለ ጉማሬ በሙሉ ለባሌ ክላክስ መልስ ይሰጣል። እሱ ደግሞ ዝም አይል ነገር፤ አንዴ ጢጥ አደረገ። እንደገና መለሱለት። ወለሉ ላይ፣ ውሃው መሃል ተቀመጥኩና ሳቅሁ። እሱም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የጎን አጥንታችን እስኪያመን ሳቅን፤ ከዚያ እኔ አለቀስኩ፣ ከዚያ እንደገና ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነው። ልደብቃችሁ አልችልም፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ነው የዋለው፣ ተናድጄ ስለነበር ነው ያላወቅሁት።

ሳቁ ሲበርድልን ጠየቅሁት። ለምን አልነገርከኝም? ዕቃሽን ወደ ቀኝ መልሽ ማለት ምን ይከብዳል?

ውሃውን በባልዲ እየቀዳ ቆየ። «ዕቃሽን መልሽ ካልኩሽ፣ አትሂጂ ማለቴ ነው» አለኝ። «ቃል ገብቼልሻለሁ።»

ሰውዬው አትሂጂ ከማለት መስጠም መርጧል። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ እንደኔ ላለች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰዓቴን ሳይ አስራ አንድ ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ስልኬ አልረጠበም ነበር። ክላክስ ስልኩን እጄ ላይ ሲያይ መወልወያውን ይዞ ወደ ጓዳ ሄደ፤ እንዳልሰማ ለመሆን። ደወልኩ። ፋርማሲስቷ ወዲያው አነሳች። ደህንነቷን ጠየቅሁና፣ ልጄ፣ እዚያው ተቀመጪ፣ እኛ አንመለስም አልኳት። ቃሉ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም።

ወዲያኛው ጫፍ ዝም አለ። ጠፋሽ እንዴ አልኳት።

«አይ፣ አለሁ እትዬ። ግራ ገብቶኝ ነው» አለች። «ጋሼ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደውለውልኝ ነበር እኮ። ልቀቂልን ብለውኛል።»

«የእኔ ባል?»

«አዎ። ባለቤቴ ዓመት ሙሉ ለእኔ ብላ ውሃ ላይ ኖረችልኝ፣ ከእንግዲህ እኔ ደግሞ ለእሷ ብዬ ምድር ላይ እኖራለሁ አሉኝ። እሷ ደውላ ስትነግርሽ ቅር እንዳለሽ እንዳይመስላት፣ ደስ ብሎሽ እሺ በያት አሉኝ። እኔ ግን ከእርስዎ አፍ ሳልሰማ ለአዲሱ ቤት ባለቤት እሺ አልልም ብዬ ቆየሁ። አሁን ታዲያ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?»

ከአንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ዳቦ ሊገዛ ከወጣበት። አስቡት። ጀልባው ላይ እንደማይቀር ያወቀው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ያ ሁሉ ሰዓት ጠርዝ ላይ የተቀመጠው፣ ምሳውን እዚያ የበላው፣ ገላውን ውሃ ላይ ያንጠለጠለው ጀልባውን ለማቆየት አይደለም። እኔ ሳልረጥብ ጓዜን ሸክፌ እንድወጣ ነው።

«ተቀመጪ» አልኳት፤ «ጋሼ ተሳስቶ ነው የደወለልሽ» ብዬ ዘጋሁት።

ጓዳ ገባሁ። በሩ ክፍት ነበር፣ ሁሉንም ሰምቷል። መወልወያውን በሁለት እጁ እንደ መሪ ይዞ ቆሟል።

«ከእኔ ሳትማከር ሰው ጋ ትደውላለህ?» አልኩት። ቁጣ እንዲመስል ፈልጌ ነበር፤ ድምፄ ከዳኝ።

«እውነትሽን ነው የነገርሻት?» አለኝ።

«እውነቴን ነው።»

አንድ ነገር ሊለኝ ሞክሮ አልሆነለትም። ቢናገር አሁን የሚከለክለው ውል የለም፤ ቃሉ ነው እምቢ ያለው። አጎንብሶ ወለሉን መወልወል ቀጠለ። ወለሉ ደርቆ ነበር። አላስቆምኩትም፤ ምድጃውን ለኩሼ እራታችንን ጣድኩ።